በእርግዝና ወቅት ለሚያጋጥም የሆድ ድርቀት የትኛውን ፍራፍሬ፣ እንዴት መመገብ ይሻላል?

ጥያቄ (የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፣ ከአዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ክትትሌን የማደርገው በምኖርበት አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ እስካሁን የደም ግፊቴም ሆነ የፅንሱ ዕድገት ደህና መሆኑ ተነግሮኛል። እጅግ ያስቸገረኝ ነገር የሆድ ድርቀት ነው። ከማርገዜ በፊት በየማለዳው ያለ ችግር እጸዳዳ ነበር፤ አሁን ግን ሁለትና ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ፣ ያውም ብዙ አምጬ ነው የሚወጣልኝ፤ ሰገራውም እንደ ጠጠር የደረቀ ነው። ሆዴ ስለሚነፋ ምግብ አያሰኘኝም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምሠራ መሆኔም ሳያባብሰው አልቀረም። ችግሩ የጎላብኝ ግን ከጤና ጣቢያው የሚሰጠኝን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን መዋጥ ከጀመርኩ ወዲህ ይመስለኛል።

ወደ መድኃኒት ከመሄዴ በፊት በምግብ፣ በተለይም በፍራፍሬ ልሞክረው ብዬ ሰዎችን ብጠይቅ፣ የማገኘው ምክር እርስ በርሱ የሚጣረስ ሆነብኝ። ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ፓፓያ እንድበላ ትመክረኛለች፤ አማቴ በበኩላቸው ፓፓያና አናናስ ፅንስ ያስወርዳሉ ብለው ሁለቱም ቤት እንዳይገቡ ከልክለዋል። የሥራ ባልደረባዬ ሙዝ እንደሚያደርቅ፣ የዘይቱን ፍሬ ደግሞ ትርፍ አንጀት እንደሚያመጣ ነግራኛለች። እናቴ ከገጠር ተልባ ልካልኛለች። እኔም ግራ ስለገባኝ ከሥራ ስወጣ ጁስ ቤት ጎራ ብዬ አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ እጠጣለሁ፤ ለውጥ ግን አላየሁበትም። ከእነዚህ መካከል እውነተኛው የትኛው ነው? የትኛውን ፍራፍሬ፣ በምን ያህል መጠንና እንዴት ብመገብ ይሻለኛል? የሙያው ዕውቀት ያላችሁም ሆናችሁ በዚህ ያለፋችሁ እህቶች ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።


መልስ (አዋላጅ ነርስ፣ ከሐዋሳ)

እህቴ፣ መልካም እርግዝና ይሁንልዎ። የነገሩን ምክንያት ካወቁት መፍትሔውን መምረጥ ስለሚቀልዎት ከዚያ ልጀምር። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ በብዛት የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ማህፀን ያለ ጊዜው እንዳይኮማተር ጡንቻውን የማላላት ሥራ አለው፤ ይሁን እንጂ የሚያላላው የማህፀንን ጡንቻ ብቻ ስላልሆነ የአንጀት ጡንቻም አብሮ ይዝላል። በዚህ ምክንያት የተበላው ምግብ አንጀት ውስጥ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በቆየ መጠንም ትልቁ አንጀት ውኃውን እየመጠጠ ሰገራውን ያደርቀዋል። ወሩ ሲገፋ ደግሞ እየሰፋ የሚሄደው ማህፀን የአንጀቱን የታችኛውን ክፍል ይጫነዋል። በዚህ ላይ የብረት ክኒኑ ሲጨመርበት እርስዎ የገለጹት ሁኔታ ይፈጠራል። ስለዚህ አንጀቱ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሰገራውን የሚያወፍርና የሚያለሰልስ አሰር ወይም ፋይበር፣ እንዲሁም በቂ ውኃ። ፍራፍሬ የሚጠቅመው ሁለቱንም በአንድ ላይ ስለሚይዝ ነው።

ወደ ፓፓያው ስመጣ፣ አማትዎም ጎረቤትዎም በየፊናቸው የያዙት እውነት አለ፤ የሚነጋገሩት ግን ስለ ተለያየ ፓፓያ ነው። ያልበሰለ ወይም ከፊሉ ብቻ የበሰለ ፓፓያ ሲቆረጥ ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ያወጣል። ይህ ፈሳሽ ፓፔይን የተባለና ሌሎችም ኢንዛይሞች ያሉበት ሲሆን፣ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ማህፀንን እንደሚያኮማትር ታይቷል፤ በዚያው ጥናት በሚገባ የበሰለው ፓፓያ ግን በእርግዝናው ላይ ጉዳት አላደረሰም። የጥሬ ፓፓያ ፍርሃት በሕንድና በሌሎች የእስያ አገሮችም ከጥንት ጀምሮ የኖረ ነው፤ ስለዚህ አማትዎ ከመሬት ተነስተው የተናገሩት አይደለም። እርስዎ መመገብ ያለብዎት ልጣጩ ሙሉ በሙሉ ወደ ቢጫነት የተለወጠውን፣ በጣት ሲጫኑት እሺ የሚለውን፣ ውስጡ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለውንና ሲቆርጡት ምንም ነጭ ፈሳሽ የማያወጣውን ነው። አረንጓዴ እያለ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የሚበስል ከሆነም እስኪለሰልስ ድረስ ይታገሡት። ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣትንም ሆነ የፓፓያ ዘርን እንደ መድኃኒት መዋጥን በእርግዝና ጊዜ ጨርሶ ይተዉት። አማትዎን ለማሳመን ከፈለጉ፣ አንዱን ጥሬ አንዱን የበሰለ አድርገው ፊታቸው ቢቆርጡላቸው ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ያስረዳቸዋል ብዬ አስባለሁ።

አናናስን በተመለከተ፣ ፍርሃቱ የመጣው ብሮሜሌይን ከተባለው ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይሙ በብዛት የሚገኘው ግን በግንዱና ጠንከር ባለው መሐለኛ ክፍል እንጂ በሚበላው ሥጋ ውስጥ አይደለም። አንድ ሁለት ቁራጭ አናናስ መብላት ፅንስ አያስወርድም፤ ቃር የሚያስቸግርዎት ከሆነ ግን አሲዱ ሊያባብስብዎት ስለሚችል መጠኑን ይቀንሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ላሳስብዎ፤ የሚበሉትን ፍራፍሬ ሁሉ፣ የሚላጠውንም ጭምር፣ ከመቁረጥዎ በፊት በንጹሕ ውኃ በደንብ ይጠቡት። ቶክሶፕላዝማ የተባለው በድመት ዓይነ ምድር አማካኝነት አፈር ውስጥ የሚገባ ጥገኛ ተሕዋስ ባልታጠበ ፍራፍሬና አትክልት ላይ ሊገኝ ይችላል፤ እናቲቱን ብዙም ሳያሳምም ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችልም በእርግዝና ወቅት የሚፈራ ነው። መንገድ ላይ ተቆርጦ የሚሸጠውን ሐብሐብና አናናስ የምከለክለውም ቢላዋው በምን ውኃ እንደታጠበ ስለማይታወቅ ነው።


መልስ (የሦስት ልጆች እናት፣ ከጅዳ)

እህቴ፣ እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ በሦስቱም እርግዝናዎቼ በዚህ ስላለፍኩ ብቻ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ የሚቀለን ተምር ነው። ማታ ሦስት ወይም አራት ፍሬ ተምር ፍሬውን አውጥቼ ንጹሕ ውኃ ውስጥ እዘፈዝፍና፣ ጠዋት ከነውኃው እበላዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ እጠጣበታለሁ። በረመዳን እንኳ ሐኪሜ እንዳልጾም ነግራኝ ስለነበር ይህን ልማዴን አላቋረጥኩም። ለእኔ ሠርቶልኛል፤ ለአንቺም ይሠራ እንደሆነ ግን የስኳር ምርመራሽን ውጤት ካወቅሽ በኋላ ብትጀምሪው ይሻላል፤ ምክንያቱም ተምር ጣፋጭነቱ ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ፣ ሰናመኪ ቅጠል አፍልተሽ እንዳትጠጪ ነው። እዚህ በየቅመም ሱቁ ስለሚሸጥ፣ ከአገር ቤት የመጡ እህቶቻችንም በየሻንጣው ይዘውት ስለሚመጡ፣ እንደ ሻይ ቀላል ነገር ይመስላቸዋል። አንድ ጎረቤቴ በሰባተኛ ወሯ ጠጥታው በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ሌሊቱን ሙሉ ስትሰቃይ አድራ ሆስፒታል ወስደናታል። ልጇ ደህና ተወልዷል፤ አልሐምዱሊላህ።


መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር)

ከላይ የተሰጡት ምክሮች መልካም ናቸው፤ እኔ የምጨምረው ስለ መጠንና ስለ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን የሆድ ድርቀት በተነሳ ቁጥር ፓፓያ ብቻ ሲጠራ እሰማለሁ፣ ቁጥሩን ስንመለከት ግን ፓፓያ ስሙ ከፋይበሩ የገዘፈ ፍራፍሬ ነው። በ100 ግራም የበሰለ ፓፓያ ውስጥ የሚገኘው ፋይበር ከ2 ግራም ያነሰ ሲሆን፣ የሚጠቅመው በአመዛኙ ውኃው ብዙ ስለሆነና ለስላሳ ስለሆነ ነው። በተመሳሳይ መጠን ዘይቱን 5 ግራም ያህል፣ አቮካዶ ደግሞ ከ6 ግራም በላይ ፋይበር ይይዛሉ። ሙዝና ብርቱካን በ100 ግራም 2 ግራም ተኩል ገደማ፣ ማንጎ አንድ ግራም ተኩል ገደማ አላቸው፤ ሐብሐብ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፣ ውኃ ጥም ለማርካት ግን ጥሩ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልጋት ፋይበር ከ25 እስከ 30 ግራም መሆኑን ስናስብ፣ ጠዋት የምትበላው አንድ ቁራጭ ፓፓያ ብቻውን ሩቅ እንደማያደርሳት ግልጽ ነው። ግማሽ አቮካዶ በሎሚና በትንሽ ጨው፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ዘይቱን፣ በምሳና በእራት መሐል ደግሞ አንድ ብርቱካን ወይም መንደሪን ከነነጩ ክሩ ቢበሉ ግን ከፍራፍሬ ብቻ ወደ 15 ግራም የሚጠጋ ፋይበር ያገኛሉ።

ስለ ዘይቱን ፍሬ የተነገረዎትን አይፍሩት። ትርፍ አንጀት የሚያብጠው አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው በደረቀ ሰገራ ወይም በራሱ ግድግዳ ማበጥ ሲደፈን ነው፤ የፍራፍሬ ፍሬ ተሰንቅሮ የሚያመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ፍሬዎቹ እርስዎን የሚያሳስቡ ከሆነ መሐሉን በማንኪያ አውጥተው ዙሪያውን ይብሉት፤ ብዙ ነገር አይጎድልብዎትም። ፍሬው በእርግጥ የሚያስቸግረው በለስ ነው። በትግራይና በአካባቢው በክረምት በለስ ሲደርስ፣ አብዝቶ ከነፍሬው የበላ ሰው ሆዱ እንደሚደርቅ ያገሬው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠንካሮቹ ፍሬዎች ፊንጢጣ አጠገብ ተከማችተው እስከ ሆስፒታል የሚያደርሱበት ጊዜም አለ። የሆድ ድርቀት ያለባት ነፍሰ ጡር በለስን በአንድና በሁለት ብትወስነው እመክራለሁ።

ሙዝን በተመለከተ ባልደረባዎ የተናገሩት ከፊሉ ልክ ነው። ያልበሰለ ሙዝ ስታርቹ ለመፈጨት አስቸጋሪ ሲሆን ታኒን የተባለ የሚያጣብቅ ንጥረ ነገርም ስላለው አንዳንድ ሰው ላይ ያደርቃል፤ ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ማውጣት የጀመረው ሙዝ ግን እንዲህ አያደርግም። ገበያ ላይ የሚቀርበው የአርባ ምንጭ ሙዝ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚጫን፣ ገዝተው ሁለት ሦስት ቀን ቢያቆዩት ይሻላል።

አሁን ስለ ስፕሪሱ። ጁስ ቤት የሚቀርብልዎት ስፕሪስ ተፈጭቶ እንጂ ተጨምቆ ስለማይዘጋጅ ፋይበሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሚያሳስበኝ የሚጨመርበት ስኳርና ቪምቶ፣ የብርጭቆው ትልቅነት፣ እንዲሁም ውኃው የት እንደተቀዳ አለመታወቁ ነው። የብርቱካን ጭማቂ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲጨመቅ ፋይበሩ ማጥለያው ላይ ይቀርና ወደ ብርጭቆው የሚገባው ስኳሩና ውኃው ይሆናል። ጥርስ እያለ ፍራፍሬን መጠጣት ለምን እንዳስፈለገ እኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አቮካዶ ጁስ የሚወዱ ከሆነ ቤትዎ ውስጥ ያለ ስኳር አዘጋጅተው በማንኪያ ይብሉት።

መዘንጋት የሌለበት ደግሞ፣ ፍራፍሬ ብቻውን የሚሸከመው ሥራ አለመሆኑ ነው። አንድ ጭልፋ ወፍራም የምስር ወጥ ከአንድ ትልቅ ቁራጭ ፓፓያ የበለጠ ፋይበር አለው፤ ጎመን፣ የባቄላ ንፍሮ፣ የጤፍ እንጀራና ካልተነፋ የስንዴ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ በየቀኑ ማዕድዎ ላይ ካሉ ፍራፍሬው ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ማዕድዎ ሩዝ፣ ፓስታና ነጭ ዳቦ ከሆነ ግን የትኛውም ፍራፍሬ ሊያድንዎት አይችልም። ፋይበሩን ሲጨምሩ በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያድርጉት፤ ያለዚያ ሆድዎ የባሰ ይነፋል። በቀን ከ8 እስከ 10 ብርጭቆ ውኃ ካልጠጡ ደግሞ የጨመሩት ፋይበር ራሱ ያደርቅዎታል።


ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አማቴ ያልበሰለና የበሰለ ፓፓያ ልዩነት እንዳለው ሲሰሙ "እኔም ያልኩት ጥሬውን ነው" ብለው በሰላም ተስማምተናል።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት በሚቀጥለው ቀጠሮዬ የስኳር ምርመራ እንደሚደረግልኝ ተነግሮኛል፤ ታዲያ ይህን ያህል ፍራፍሬ መብላቴ አይጎዳኝም? ሁለተኛ፣ አሁን ጾም ላይ ነን፤ እኔም እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እጾማለሁ፤ ይህ ከድርቀቱ ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን? ሦስተኛ፣ እናቴ የላከችውን ተልባ ምን ላድርገው? የብረት ክኒኑንስ ለጥቂት ሳምንታት ባቋርጠው ምን ችግር ያመጣል?


መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር)

የስኳር ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረግ የተለመደ ምርመራ ነው፤ የቤተሰብ ታሪክ ስላለብዎት ደግሞ ባይቀርብዎት መልካም ነው። ስኳሩ ከፍ ቢል እንኳ ፍራፍሬ ሙሉ በሙሉ አይከለከልም። የሚከለከለው ጭማቂው ነው፤ የሚቀነሰው ደግሞ ተምር፣ ዘቢብ፣ በጣም የበሰለ ሙዝና ማንጎ ነው። ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ እንጆሪና በተለይም ስኳር የሌለው ሊባል የሚችለው አቮካዶ የተሻሉ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሰብስቦ ከመብላት በቀን ሦስት ጊዜ ከፍሎ፣ ቢቻል ከኦቾሎኒ ወይም ከሽምብራ ቆሎ ጋር ቢበሉት ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ይሆናል። ከጅዳ የጻፉልዎት እህት ተምሩን ከምርመራው በኋላ ይሁን ማለታቸው ትክክል ነው።

ጾሙ ግንኙነት አለው፤ የሚያደርቅዎት ግን የጾሙ ምግብ አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩና ጎመኑ እንዲያውም ከፍስኩ ማዕድ ይልቅ ለአንጀት የሚስማማ ነው። ችግሩ እስከ ቀትር ድረስ ውኃ አለመቅመስዎ ነው፤ በቀሪዎቹ ጥቂት ሰዓታት 8 ብርጭቆ ውኃ መጠጣት የማይመች ስለሆነ ብዙዎች ግማሹን ይተዉታል። ጠዋት የመጀመሪያው ምግብ ሆድ ውስጥ ሲገባ ትልቁ አንጀት የሚነቃቃበት ተፈጥሯዊ ምላሽ አለ፤ ቁርስ የማይበላ ሰው ይህን ጊዜ ያጣዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከጾም ልትቀል እንደምትችል የታወቀ ስለሆነ፣ የንስሐ አባትዎን ቢያማክሩና ቢያንስ ጠዋት ውኃና የጾም ቁርስ ቢፈቀድልዎት ለውጡን በቅርቡ ያዩታል። ምግቡን በጾም ሥርዓት፣ ሰዓቱን በእርግዝናዎ ልክ አድርገው መያዝ የሚቻል ይመስለኛል።


መልስ (ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ)

የብረት ክኒኑን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። አብዛኛውን ጊዜ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ሲሆን፣ በስድስተኛው ወርና ከዚያ በኋላ የፅንሱም የእርስዎም የብረት ፍላጎት ከምንጊዜውም በላይ ከፍ የሚልበት ጊዜ ነው። በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈስስ ያለ በቂ ክምችት መገኘት ለሕይወት ያሰጋል። ድርቀቱ ከክኒኑ መሆኑን ለክትትል ባለሙያዎ ከነገሯት፣ የክኒኑን ዓይነት ወይም አወሳሰዱን ልታስተካክልልዎት ትችላለች። ሰገራዎ ጠቆር ማለቱ ያልተመጠጠው ብረት የሚያመጣው ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

ከፍራፍሬው ጋር የሚያያዝ ጠቃሚ ነገር አለ። ክኒኑን ከብርቱካን ወይም ከዘይቱን ጋር ቢወስዱት ቫይታሚን ሲው ብረቱ የተሻለ እንዲመጠጥ ያግዛል፤ ቡናና ሻይ ግን በተቃራኒው ስለሚያግዱት፣ ክኒኑን ውጠው ወዲያው ቡና ላይ መቀመጥ የክኒኑን ጥቅም ማባከን ነው። ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያራርቋቸው። ወተትም እንዲሁ ነው። ለቃር ብለው የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ያሳዩ፤ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም ያለባቸው የቃር መድኃኒቶች ራሳቸው ሆድ ያደርቃሉ፣ ይህንንም ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ተልባውን መጣል አያስፈልግም። ተፈጭቶ በብዙ ውኃ ሲጠጣ የሚሰጠው ልስላሴ ሰገራን እንደሚያለሰልስ እውነት ነው፤ አልፎ አልፎ በምግብነት መጠን፣ ማለትም አንድ ማንኪያ ያህል ቢጠቀሙት አያሳስብም። ይሁን እንጂ ተልባ እንደ ኢስትሮጅን ሆርሞን የመሥራት ጠባይ ያላቸው ንጥረ ነገሮች ስላሉት፣ በእርግዝና ጊዜ በየቀኑ በብርጭቆ ብርጭቆ እንደ መድኃኒት መጠጣቱን አልመክርም። የብረት ክኒኑንም ከተልባው ጋር በአንድ ጊዜ አይውሰዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ በአመጋገብ ለውጥ ያልተሻለ የሆድ ድርቀት በስንዴ ፉርሽካ ወይም በሌላ የፋይበር ተጨማሪ ሊታከም እንደሚችል ይገልጻል። ፉርሽካ በአገራችን የከብት መኖ ተደርጎ ቢታወቅም ለሰው ተብሎ በንጽሕና የተዘጋጀው በአንዳንድ ሱፐርማርኬቶች ይገኛል፤ አንድ ሁለት ማንኪያ በገንፎ ወይም በአጥሚት ላይ ቢጨመር ይበቃል። ይህም ካልረዳ፣ ኢስፓጉላ የተባለው ዱቄት ወይም ላክቱሎስ የተባለው ሽሮፕ በባለሙያ ትእዛዝ በእርግዝና ጊዜ የሚሰጡ ናቸው። ላክቱሎስ አንጀት ውስጥ ውኃ በመሳብ የሚሠራ ሲሆን፣ ውጤቱ የሚታየው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ አልሠራም ብለው መጠኑን እጥፍ አያድርጉት። የጉሎ ዘይት ግን ማህፀንን ሊያነሳሳ ይችላል፤ ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬም ለኮሶ ትል ተብለው የሚጠጡ ብርቱ መድኃኒቶች ስለሆኑ ነፍሰ ጡር ሴት ልትነካቸው አይገባም።


መልስ (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ሐኪሜ ያዘዘችልኝ ደረቅ ፕሪም ነበር። በቀን አምስት ፍሬ ያህል፣ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር እበላ ነበር፤ በሳምንት ውስጥ ለውጡን አየሁት። ሌላው የመከረችኝ ኪዊ ሲሆን በቀን ሁለት ፍሬ እበላ ነበር። አገር ቤት ደረቅ ፕሪም ውድ መሆኑን ስለምሰማ ምን ሊተካው እንደሚችል ባለሙያዎቹ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።


መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር)

ደረቅ ፕሪም የሚሠራው በፋይበሩ ብቻ ሳይሆን ሶርቢቶል በተባለ፣ አንጀት ሙሉ በሙሉ በማይመጥጠውና ውኃ ወደ ራሱ በሚስብ የስኳር ዓይነት አማካኝነት ጭምር ነው። ይኸው ሶርቢቶል በደጋው አገራችን በሚበቅሉት በትኩሱ ፕሪም፣ በኮክና ከነልጣጩ በሚበላ ፖም ውስጥም አለ፤ ወቅታቸው ሲሆን ከነልጣጫቸው ታጥበው ቢበሉ ከውጭ የሚገባውን ማሳደድ አያስፈልግም። መጠኑ ሲበዛ ግን ሶርቢቶል ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል፤ ስለዚህ ኮክ በወቅቱ ስለረከሰ ብቻ ሙሉ ሳህን አይበሉ።


መልስ (አዋላጅ ነርስ፣ ከሐዋሳ)

አመጋገቡ በሰፊው ስለተነገረ እኔ ስለ መጸዳዳቱ ራሱ ጥቂት ልበል። ሰገራ ሲመጣ "ሥራዬን ልጨርስ" ብለው አይያዙት፤ በቆየ ቁጥር ይደርቃል። ጠዋት ቁርስና ለብ ያለ ውኃ ከወሰዱ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳይጣደፉ መቀመጥን ልማድ ያድርጉት። የሚጠቀሙት የመቀመጫ ሽንት ቤት ከሆነ፣ ከእግርዎ ሥር አነስተኛ በርጩማ ያስገቡና ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ እንዲል አድርገው ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብሉ፤ በዚህ አቀማመጥ የፊንጢጣው መተላለፊያ ቀጥ ስለሚል ማማጡ ይቀንሳል። ቢሮ ውስጥ በየሰዓቱ ተነስቶ መንቀሳቀስና ማታ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድም አንጀትን ያነቃቃል።

በእነዚህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ሞክረው ካልተሻለዎት ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂዱ። ሰገራ ላይ ደማቅ ቀይ ደም ካዩ አብዛኛውን ጊዜ ከማማጥ የመጣ ኪንታሮት ወይም ስንጥቅ ቢሆንም፣ በባለሙያ ሳይታይ ኪንታሮት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ከማህፀን ደም ከፈሰሰዎት፣ ፈሳሽ ከወረደዎት፣ ሆድዎን እየመጣ እየሄደ በተደጋጋሚ ከቆረጠዎት፣ ወይም ሆድዎ አብጦ እያስመለሰዎት ጋዝ እንኳ መውጣት ካቆመ ግን፣ የሆድ ድርቀት ነው በሚል ፓፓያም ሆነ ሌላ ነገር እየሞከሩ ቤት አይቆዩ፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ምጥ ያለ ጊዜው ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሰማው እንደ ሆድ ቁርጠትና ሰገራ እንደ መምጣት ሆኖ ነው።